ብዥታ የዋጠው እጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ከፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በኋላ ስልኳን ይዛ ቀረበችኝ። የወንድሟ ፎቶ ነው፤ ፊቱ ጥርት ብሏል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ደግሞ ቀልጦ እርስ በርሱ ተዋህዷል። “ቲቸር፣ ይሄ በካሜራ ሌንስ ነው የተነሳው ወይስ ስልክ ነው እንዲህ ያደረገው?” አለችኝ። ከጓደኛዋ ጋር ተወራርዳለች። የጆሮውን ጠርዝ አሳየኋት፤ በመቀስ እንደተቆረጠ ወረቀት ነበር። “ስልክ ነው” አልኳት፤ ተሸንፋ ሄደች። እኔ ግን ጆሮውን ከማየቴ በፊት እጆቹን ፈልጌ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እጅ ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ያኔ አዳማ፣ በአባቴ ቤት፣ ከታላቅ እህቴ ከሰአዳ ጋር እኖር ነበር። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። አባቴ ሽንኩርትና ሲሚንቶ ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጉልበቱን አሞት ቤት ከዋለ በኋላ ደግሞ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከበር ላይ ሆኖ ይመረምራል። ሰአዳ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት ጥራት ትቆጣጠር ነበር። እኔ ብርሃን ማስገቢያ ክፍተቱ ሰፊ የሆነ፣ የሰው ፊት ማንሻ ሌንስ ከሰው እጅ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቶቼን አነሳለሁ። የጠየቀኝም ያልጠየቀኝም ሌንስ እንዴት እንደሚሠራ ሳልነግረው አይሄድም ነበር።

በዚያው ዓመት ከድር የሚባል የባቱ ሰው ለሰአዳ ሽማግሌ ላከ። በሐይቁ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ ያለማል። በዘመድ ሠርግ ላይ አይቷት ስልክ ቁጥሯን ከአክስታችን ተቀብሎ ኖሮ፣ ማታ ማታ ይደውልላት ጀመር። ሰአዳ ወዳው ነበር። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሰሃን እያጠበች ብቻዋን ስትስቅ እሰማት ነበር፤ ለዓመታት ያልሰማሁት ሳቅ ነው። በእኛ ደንብ ሽማግሌ መልስ ከማግኘቱ በፊት ቤተሰብ የሰውየውን ጠባይና ኑሮ ያጠያይቃል። ለዚህም ሽማግሌዎቹ አባቴ እንዲያየው ብለው ፎቶውን ልከውልን ነበር።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

“መልኩስ ደህና ነው። ግን የት ነው የቆመው?”

“ባቱ ነዋ፣ አባ” አለች ሰአዳ።

“ባቱ የት? ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ሰማይ የለ። ሰው ጉም ውስጥ ይቆማል?”

እኔ ይህን ስጠብቅ ነበር። የሌንስ ክፍተት ሰፊ ሲሆን ጥርት ብሎ የሚወጣው በአንድ ርቀት ላይ ያለው ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው እንደ ርቀቱ እየደበዘዘ እንደሚሄድ አስረዳሁት።

“እኔ ዕድሜዬን የነዳሁት የኋላውን በመስታወት እያየሁ ነው” አለ። “ኋላውን የሚደብቅ ሰው አላምንም።”

“አንተ ቲማቲም ስትገዛም ሻጩን ነው የምትመረምረው” አለችው ሰአዳ።

“ታዲያስ። ቲማቲሙማ ከላይ ከላይ ሁሌም ያምራል።”

እንዲያምነኝ ብዬ ካሜራዬን አመጣሁና ግቢ ውስጥ፣ ከፓፓያው ፊት አቁሜ አነሳሁት። ፎቶው ላይ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ጠፍቷል፤ ፓፓያው አረንጓዴ ጥላ ሆኗል። አባቴ ፎቶውን አራቅ አድርጎ አየው። ከዚያ፣ “እንዲህ ከሆነማ የባሰ ነው። አንቺ ግቢዬን በአንድ ጠቅታ ካጠፋሽው፣ እሱ ምን ምን አጥፍቶ ይሆን?” አለ።

ሳቅን። የሁለቱን ፎቶ መመሳሰል ላሳየው ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ግን የእኔ ሳቅ ቆመ።

በአባቴ ፎቶ ላይ መሬቱ ከእግሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የሚደበዝዘው። በከድር ፎቶ መሬቱ በአንድ መስመር ላይ ድንገት ይጠፋል። ይህ ብቻ ቢሆን ስልክ ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ በስልክ ብዥታ መሥራት ነውር አይደለም። የከበደኝ ግራ እጁ ነው። ጎኑ ላይ የተንጠለጠለ እጅ ከፊቱ ጋር በአንድ ርቀት ላይ ነው፤ ፊቱ ከጠራ እጁም መጥራት አለበት። ቀኝ እጁ ጥፍሩ ሳይቀር ይታያል። ግራው ግን ከእጅ ሰዓቱ በታች የለም። እጁንም፣ ከጎኑ ያለውንም ቦታ እስከ መሬቱ ድረስ አንድ ሰው በጣቱ እየደጋገመ አሽቶ አደብዝዞታል።

“ምን አየሽ?” አለች ሰአዳ።

“ምንም።”

“ፊትሽን አውቀዋለሁ። ተናገሪ።”

ነገርኳት። ስልኩን ወስዳ፣ የሸሚዝ ስፌት እንደምትመረምረው አጠጋችው፣ አራቀችው። “የሆነ ነገር ይዟል” አለች። ቀጥላም ለአባቴ፣ “ሽማግሌዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ባቱ እንሂድ” አለችው።

እሁድ በሚኒባስ ሄድን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ከሞጆ እስከ ቆቃ መንገዱ ዳርና ዳር አረንጓዴ ነበር። መቂ ላይ በመስኮቱ የሽንኩርት ሽታ ገባ። አባቴ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ፍሬኑ ይጠይቀዋል፤ በመልሱም አያምንም። ሰአዳ የከድርን ፎቶ ደጋግማ እያየች ባቱ ደረስን።

የከድር ቤት አዲስ የብሎኬት ቤት ነው። እናቱ በር ላይ “አካም ጅርቱ” ብለው ተቀበሉን፤ አባቴም በሹፌርነቱ በለመደው ኦሮምኛ መለሰላቸው። ምሳ የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ጆግ ይዛ እጃችንን አስታጠበችን።

“የእህቴ ልጅ ናት” አለ ከድር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

“እህትህ የት ናት?” አለ አባቴ።

“አርሲ።”

“አርሲ የት?”

“አሰላ።” ልጅቷ ቀና ብላ አየችውና ውሃውን ከመታጠቢያው ውጭ አፈሰሰችው።

ዓሣው ጣፋጭ ነበር። ሰአዳ ግን እየቆነጠረች ሰሃኗ ላይ ትመልሰዋለች። ከድር ስለ ውሃ ፓምፑ ያጫውተናል፤ ተጫዋች ሰው ነው፣ በስልክ ለምን እንዳሳቃት ገባኝ። እኔ የማየው ግራ እጁን ነው። ጤነኛ እጅ ነበር።

ከምሳ በኋላ “ለማስታወሻ” ብዬ ካሜራዬን አወጣሁ። ከፊት እስከ ኋላ ያለው ሁሉ እንዲጠራ የሌንሱን ክፍተት አጠበብኩት። “ሁላችሁም ግቡ” አልኩ። ከድር ከእናቱ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ያን ጊዜ ልጅቷ፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ ጆጉን መሬት አስቀመጠችና መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

“አንቺም ግቢ እንጂ” አልኳት።

“እኔ አልገባም። አባዬ ፎቶ ሲነሳ እኔ እወጣለሁ።”

ምንጣፍ ላይ በጫማ አይወጣም እንደሚል ልጅ ነበር አነጋገሯ። የቤቱን ደንብ ለእንግዳ ማስረዳቷ ነው።

እናቱ መሬት መሬት አዩ። ከድር ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቋረጠ፤ በመጨረሻ፣ “ከኒካው በፊት ልነግራችሁ ነበር” አለ። “እናቷ ጥላን ሄዳለች። በዚያ ፎቶ ላይ ልጄ እጄን ይዛ ነበር። ልጅ ላለው ሰው ማን ሚስት ይሰጠዋል ብለው ዘመዶቼ…”

“ልጅ ነውር ነው እንዴ?” አለ አባቴ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ሰአዳ ልጅቷን እያየች ነበር። “እሷን አንሺያት” አለችኝ።

የሌንሱን ክፍተት እስከ መጨረሻው አሰፋሁና ልጅቷን በር ላይ፣ ብርሃኑ አጠገብ አቆምኳት። ቅርቡ ዓይኗ ላይ አነጣጠርኩ። መጀመሪያ መፍቀዱን ለማየት ወደ አባቷ ዞረች። ከድር ከኋላዋ ግድግዳው ጋ እንደቆመ ነበር፤ በፎቶው ላይ ቡናማ ጥላ ሆኖ ቀርቷል።

ስንወጣ እስከ አጥሩ ሸኘን። “ሰአዳ፣ ስሚኝ” አላት።

“ልጅ ስላለህ አይደለም” አለችው። “ብትነግረኝ አብረን እናሳድጋት ነበር። ግን ማንም ሳይነግራት መውጣቱን ታውቅበታለች። ይሄን ስንት ጊዜ ብታደርጋት ነው?” ከድር ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። “ሽማግሌዎቹን አታድክማቸው” አለችና ከአጥሩ ውጭ የቆመው ባጃጅ ላይ ወጣች።

በመመለሻችን አባቴ ሹፌሩን ምንም አልጠየቀውም። ሰአዳ እስከ ሞጆ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ፣ እጇን ይዤ ነበር። እሷ ግን ጣቶቿን አላጠፈችም።

ዛሬ ሰአዳ ሞጆ አግብታ ሁለት ወንዶች ወልዳለች። ተማሪዬ ያን ፎቶ ካሳየችኝ ቀን ማታ፣ የልጅቷን ፎቶ ከኮምፒውተሬ ፈልጌ ላኩላት። ወዲያው ደወለች።

“ሰውየውን ረስቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም” አለች። “እሷ ግን ይሄኔ ትልቅ ልጅ ሆናለች።” ትንሽ ቆየችና፣ “ማን ነበር ስሟ?” አለችኝ።

ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አሰፋሁት። በጣም የጠራ ፎቶ ነው። የቅንድቧ ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል፤ በዓይኗ ብሌን ውስጥ ካሜራ የያዝኩት እኔ፣ ከእኔም ጎን አባቴና ሰአዳ፣ ሦስታችንም ቆመን እንታያለን። ያን ሁሉ መንገድ የተደበቀውን ልናውቅ ሄደን፣ ስሟን የጠየቀ ከመሃላችን አልነበረም።