የውሃው ዜማ አቀበት ሲወጣ

በእኛ ሰፈር፣ ፈላና በር አካባቢ፣ ውሃ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ነው፤ መምጫው አይታወቅም፣ ሲመጣም አይቆይም። ያን ሰሞን ከመጥፋቱ ብዛት ቧንቧችን ውስጥ ሸረሪት ድሯን ሠርታ፣ ወልዳ ከብዳ፣ የልጅ ልጅ አይታለች ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ያን ቀን ግን ለቀልድ የሚሆን ፊት ያለው ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ አዴ የሚላቸው አሮጊት ጎረቤቴ በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። አዴ ጉልበታቸው ከግቢው በር አያሳልፋቸውም። መኪና እንዳይመጣላቸው መተላለፊያችን እንኳን መኪና ፍየልም በጎኗ ነው የምታልፍበት። ድግሱ እዚያው ቤታቸው የተደገሰው እሳቸው ባይናቸው እንዲያዩት ተብሎ ነበር። ሥጋው መጥቷል፣ ሩዙ መጥቷል፣ በርሜሎቹ ግን ደርቀዋል። ትልቋ ልጃቸው፣ የሙሽራዋ አክስት፣ ቁርጡን ተናገረች፦ እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ውሃ ካልመጣ ሁሉም ነገር ተጭኖ ሐኪም ጋራ የሚባለው ሰፈር፣ የውሃ ጉድጓድ ያለው ዘመድ ቤት ይሄዳል። መኪናው ፈረስ መጋላ አደባባይ ቆሞ ይጠብቃል።

"አዴስ?" አልኳት።

"በወንበር ተሸክመን እናወጣቸዋለን።"

"በሰው ትከሻ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑን ደግሞ አላህ ነው የሚያውቀው!" አሉ አዴ ከውስጥ።

እኔን ቧንቧ ጠባቂ አደረጉኝ። ለሌላ ሥራ አልታመንም። ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። አክስትየው በየደቂቃው ከኩሽና ብቅ እያለች ታየኛለች፤ ሐኪም በሽተኛውን አይቶ ሲወጣ እንደሚታየው ነው የምትመለከተኝ።

ድንገት ከቁልቁለቱ ታች አንድ ቆርቆሮ በርሜል ጓጓጓ አለ። ውሃ ባዶ ሆዱን ሲመታው ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው ቤት ጀሪካን ተቀበለው። ጀሪካን ሲሞላ በጎርናና ድምፅ ይጀምርና እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ አንገቱ ጋ ሲደርስ ዋሽንት ይሆናል። ከሱ ቀጥሎ ሳፋ፣ ከሳፋው ቀጥሎ የሽንት ቤት ታንከር "እሽሽ" እያለ ገባበት። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ድምፅ ነው፤ እንዲህ ተራ ጠብቆ እየተቀባበለ ወደ እኔ ሲመጣ ግን ሰምቼው አላውቅም። ለካ በየቀኑ ስለ ሽንኩርት የሚጣሉት ጎረቤቶቼ ኦርኬስትራ ኖረዋል! ጆሮዬ አድጎ የአህያ ሊያክል ምንም አልቀረው።

ዜማው ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ቆመ። ታች ያሉት ሁሉ ባንዴ ስለከፈቱ ውሃው አቀበቱን ለመውጣት ጉልበት አጣ። የእኛ ቧንቧ ፊይይ ብሎ አየር ሳበ፤ ዝም አለ።

አጥር ላይ ወጣሁ። "የታች ሰዎች! ሠርግ ቤት ውሃ አጥቷል፣ ለትንሽ ጊዜ ዝጉልን!"

"አንተ ነህ?" አለች አንዷ። "ባለፈው ጣሪያችን ላይ ጅብ ወጥቷል ብለህ ባሌን በፒጃማ አስወጥተኸው! ሂድ ወደዚያ!"

"ወላሂ እውነቴን ነው!"

"አንተ ደግሞ ከየት ያመጣኸው ወላሂ ነው? በማርያም በልና እንይህ!"

"በማርያም!"

ሳቁ ብቻ ተመለሰልኝ። አንድም ቧንቧ አልተዘጋም። አክስትየው ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ "ሰው ይዘህ ና፣ እንጫን" ስትል ሰማኋት። ድስቶቹ መውጣት ጀመሩ። ወንበርም መጣ።

አዴ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። እሺ ያሉ መሰለን። እሳቸው ግን አጠገባቸው ያለውን በርሜል በምርኩዛቸው ይደልቁት ጀመር። ምቱ የሠርግ ነው፤ ድምፁ የባዶ በርሜል። የሞላ በርሜል እንደዚያ አይጮኽም። ይህን ደግሞ በሰፈራችን የማያውቅ የለም፤ በርሜሉን በእግሩ እየነካ ያልለካ ማን አለ? ድምፁ ግንቡን እየገጨ ቁልቁል ወረደ።

መጀመሪያ የታንከሩ "እሽሽ" ተቆረጠ። ቀጥሎ ዋሽንቱ። ከዚያ ሳፋው።

የመስጊዱ ማይክ ቋ ብሎ ተከፈተ፤ የአስር አዛን ጀመረ። አዴ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። በአዛን ላይ አይደልቁም። አሁን ታች ያሉት መልሰው ቢከፍቱ የሚያስቆማቸው የለም። አክስትየው ስልኩን እንደጨበጠች ደረቀች። እኔ ጆሮዬን ብረቱ ላይ መልሼ ከአዛኑ ሥር ያለውን እሰማለሁ። ከታች አንድም በርሜል አልጮኸም። አንድም ጀሪካን አላፏጨም። እንዲህ ያለ ጸጥታ፣ ያውም ሰው ውሃ ደጁ መጥቶለት፣ በሕይወቴ አልገጠመኝም። ብረቱ ጆሮዬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

አዛኑ ሲያበቃ ቧንቧው ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ውሃው ወረደ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አዴ፤ ወዲያው ምርኩዙን አነሱ። ያንዱን በርሜል መሙላት ስንጨርስ ወደሚቀጥለው ባዶ እየዞሩ ይደልቃሉ፤ ታች ያሉት እንዳይዘናጉ። በመጨረሻ የመቱት በርሜል ዱፍ አለ።

"ይሄ ታፍኗል። ሌላ ባዶ አምጣልኝ።"

"ባዶ አልቀረም፣ አዴ።"

"ታዲያ ምን ትገተራለህ? ለታቾቹ ክፈቱ በላቸው፤ የነሱም ልጆች ውሃ ይጠጣሉ።"