ከኳየሩ የወጣው ጉዲና

ታላቅ ወንድሜ ጉዲና ባለፈው መጋቢት ፍራንክፈርት ውስጥ አረፈ። ቀብሩ ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪኩ በኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ዕቃ ጫኝ እንደነበረና የፕሮቴስታንት ጉባኤውን የመዝሙር ኳየር እንዳቋቋመ ተጠቅሷል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከኳየሩ ለምን እንደወጣ ግን አልተነበበም።

ጉዲና የድሮ የአሜሪካ ሙዚቃዊ ቲያትር ይወድ ነበር። የዘፈን ሸክላዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ይለቅማል፣ የማያውቀውን ቃል በመዝገበ ቃላት ይፈታል፣ ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። «እነዚህ ሰዎች ሲዘፈን ታሪኩን አያቆሙትም» ይለኝ ነበር። «ዘፈኑን የጀመረው ሰውና የጨረሰው ሰው አንድ አይደሉም፤ ሲዘፍን ይለወጣል።»

በጉባኤው ግን አማኝ ከመዝሙር በቀር ዘፈን አይሰማም። ስለዚህ ኒድ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሥር፣ ኬለር የሚሉት ምድር ቤት ወርዶ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ኳየሩ ውስጥ የምትዘምረው ሚስቱ ዘርፈሽዋል ታውቃለች፤ ለማንም አታወራም።

ሮደልሃይም ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ ኳየሩን ሲያለማምድ ከነዚያው ዘፈኖች የተማረውን አስተማረ፦ እንደ ወሬ ዝግ ብሎ መጀመር፣ ሴቶቹን ዘግይቶ ማስገባት፣ የመጨረሻውን አዝማች አንድ እርከን ከፍ ማድረግ። ሰዉ እያለቀሰ ይሰማቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ የልምምዳቸውን ቅጂ ሊያሰማቸው ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። ተሳስቶ ሌላ ቅጂ ነካ። አዳራሹን የቲያትር ዘፈን ሞላው፤ ዝግ ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ላይ ከፍ አለ።

«ጋሽ ጉዲና፣ ይሄማ የኛው አወጣጥ ነው!» ብላ ሰሎሜ ሳቀች።

የኳየሩ መሪ ኢዩኤል አልሳቀም። «ዘፈን ነው?»

«ነው።»

«ያስተማሩንም ከዚህ ነው?»

«ከዚህ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ጉባኤው ፊት ቆሞ ንስሐ እንዲገባና ሸክላዎቹን እንዲጥል ወሰኑ፤ አለዚያ ከኳየሩ ይወጣል።

ዘርፈሽዋል ለመነችው። «አንዲት ቃል ናት! በድያለሁ በልና ተገላገል። ሸክላውን እኔ እደብቅልሃለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ንስሐውን ሳልገባ መደበቂያውን አዘጋጀሽ» አላት። «ሸክላውስ ይጣል። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ማን ያወጣልኛል? ዋሽቼ መድረክ ላይ አልቆምም።»

ከኳየሩ ወጣ። ከጉባኤው ግን አልቀረም፤ እሑድ እሑድ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዘርፈሽዋል ኳየሩ ውስጥ ቀረች። ኢዩኤል የመጨረሻው አዝማች ከእንግዲህ ከፍ እንዳይል አዘዘ፤ መዝሙሮቹ በጀመሩበት ድምፅ ማለቅ ጀመሩ።

አንድ እሑድ ዘርፈሽዋል አዝማቹ ላይ ስትደርስ ብቻዋን ከፍ አለች። የቀሩት ታች ናቸው። ሰዉ ቀና አለ፤ ኢዩኤል በእጁ ምልክት ሰጣት። ወዲያው ዝቅ ብላ ከጓደኞቿ ጋር ጨረሰች። ጉዲና ተነሥቶ ወጣ።

ባቡር ጣቢያው ላይ አገኘችው። ሥራ እንደረፈደበት ሰው ሐዲዱን እያየ ቆሟል።

«ከፍ ካልሽ በኋላ ለምን ወረድሽ?» አላት።

«አንተ ኋላ ወንበር ላይ ነበርክ» አለችው። «እኔ እዚያ መድረክ ላይ ብቻዬን ነበርኩ።»

ባቡሩ ሲመጣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ኒድ ሄዱ።