መምህር ስመኘው የሰነጠቁት ዱላ

ባለፈው ሳምንት የልጄ አስተማሪ "ወላጅ ይምጣ" ብላ ልካብኝ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። እንጅባራ መውጫ ላይ፣ የቀርቀሃ ወንበር የሚሠሩት ልጆች ደጅ ስንደርስ፣ አንዱ ለጋ ቀርቀሃ ሰነጠቀ። ሽታው ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር የሚል፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ። ሌላውን ሰው ወንበር ይሸተው ይሆናል። እኔን መምህር ስመኘው ሸተቱኝ። "ወራጅ አለ!" አልኩ፣ ትምህርት ቤቱ ገና ሳይደርስ።

የአዘና ገጠር ልጅ ነኝ። የግቢያችን አጥር ዙሪያውን ቀርቀሃ ነበር። በእኛ ጊዜ መምቻውን የሚያመጣው ተማሪው ራሱ ነው፤ የአስተማሪው ዱላ ሲሰበር "ነገ ማን ያመጣል?" ይባላል። የማመጣው እኔ ነበርኩ። አንጓው የተስተካከለ፣ ለእጅ የሚመች፣ ጫፉ በድንጋይ የታሸ። "ለዱላ መምረጥስ ማን እንዳንች!" ይሉኛል። ታዲያ በዚያው ዱላ ከማንም በላይ የምገረፈው እኔው ነኝ።

ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደሉ ዐይኔ ላይ አይረጋም፤ ተ ያልኩት ቀ ይሆናል፣ ሰ ያልኩት ለ ይሆናል። "ቤቷ አዊኛ ስለሚነገር አማርኛው ከብዷት ነው" አሉ። ኧረ ወዲያ! አዊኛውም ሲጻፍ ፊደሉ ያው፣ መከራዬም ያው። አዊኛ እየተናገሩ አብረውኝ ያደጉት የጎረቤት ልጆች አማርኛውን እንደ ውሃ ይጠጡት ነበር። "ድንጋይ" አሉኝ። እኔም ድንጋይ ነኝ አልኩ። አምኜ ነበር እኮ! ዛሬም ሳስበው አንጀቴን የሚበላኝ ዱላው አይደለም፣ ማመኔ ነው።

ሦስተኛ ክፍልን ስደግም አባቴ "ዘንድሮም ከወደቀች ቤት ትዋል፣ እናቷን ታግዝ" አለ። ከአባቴ አፍ የወጣ ነገር አይመለስም።

መምህር ስመኘው የመጡት በዚያ መስከረም ነው። ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ኪሳቸው በጠመኔ የነጣ ሰው ነበሩ። እኔ መቼም ልማዴ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ዱላዬን ይዤ ቀረብኩ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"መምቻ ነው፣ መምህር።"

"ማንን ልመታበት?"

"እኔን ነዋ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ዱላውን እያገላበጡ አንጓውን ዳበሱ፣ የታሸውን ጫፍ አዩ። "ማነው የመረጠው?" አሉ። እኔ መሆኔን ስነግራቸው "እጅሽ ያውቃል" አሉኝ። ጎበዝ ስባል የኖርኩት ለሽሙጥ ነበርና የምገባበት ጠፋኝ።

በእረፍት ሰዓት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ያን ዱላ በሰንጢ ሰነጠቁት። ያ ሽታ ወጣ። ስንጣቂውን አጥፈው፣ በሲባጎ አስረው አንድ ነገር ሠሩና "ዐይንሽን ጨፍኝ፣ ትርንጎ። በእጅሽ እይው" አሉኝ። ጣቴ ከላይ ወደ ታች ወረደ። መሐሉ ላይ ክብ ሆድ አለው።

"ቀ! መምህር፣ ቀ ነው!"

ዐይኔ ሲያጭበረብረኝ የኖረውን እጄ አንድ ጊዜ ዳብሶ አወቀው። አለቀስኩ፤ እሳቸው ሌላ ስንጣቂ አንስተው የሚቀጥለውን ፊደል ማጠፍ ጀመሩ።

ዓመቱን ሙሉ በእረፍት ሰዓት እንዲሁ ዋልን። ልጆቹ "ትርንጎ ትዳብሳለች!" እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ መምህር ወደ አዘና ገበያ በየት በየት እንደሚኬድ ጠየቋቸው። በወንዙ በኩል የሚለውም፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚለውም ጮኸ። "ገበያውስ?" አሉ። ገበያውማ አንድ ነው። "በሉ እንግዲህ፣ በመጣችበት ትምጣ።"

ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ወላጅ ሁሉ ቆሞ ስም ተጠራ። ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ከፍ ብዬ አለፍኩ። ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። አጥሩ ጋ ሲደርስ "እንግዲያው ለመስከረም ደብተር ይገዛል" አለ።

በዚያው ክረምት መምህር ስመኘው ተዛወሩ። ሊሰናበቱ ሲመጡ ከአጥራችን ረጅሙን ቀርቀሃ አስቆርጬ ሰጠኋቸው።

"ዛሬስ ማንን ልመታበት ነው?"

"ይመርኮዙታል፣ መምህር። መንገዱ ጭቃ ነው።"

በሁለት ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ እጃቸውን አንጠልጥለውበት ቁልቁል ወረዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ሰው እንዲህ እንደዋዛ ይጠፋ ነበር። እዚሁ እንጅባራ፣ ቆሰበር ገበያ ውስጥ ትከሻው ላይ ዱላ ያጋደመ ቀጭን ሰው ባየሁ ቁጥር ዞሬ ፊቱን አያለሁ። አሁን ሽማግሌ ሆነዋል፣ በሕይወት ካሉ። ናፍቀውኛል፣ ምን ልበላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከባጃጁ ወርጄ ከወንበር ሠሪዎቹ ልጆች አንድ ለጋ ቀርቀሃ ገዝቼ፣ እሱን እንደያዝኩ የልጄን አስተማሪ አነጋገርኩ። ቤዛ ፊደል ይምታታባታል፣ ከጓደኞቿ ወደኋላ ቀርታለች አለችኝ። ቤት ስገባ ቤዛ እጄ ላይ ያለውን አየችና ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

"እማ፣ እኔ እኮ ድንጋይ ሆኜ ነው። ልትመችኝ ነው?"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ነይ፣ እናቴ፣ አጠገቤ ተቀመጭ" አልኳት። "መጀመሪያ ግን ቢላ አምጭልኝ።"