ኢስሐቅ ጉጠት ሊቃና ነው

ምን አለሽ ተራ ውስጥ ስም ሳይወጣለት የሚያድር ሰው የለም። ምድጃ ሠሪውን ኢስሐቅን «ጉጠት» ያለው ጎረቤቱ ወርቁ ነው፤ የጎጃሙ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ምላሱ ከመዶሻው የሚብስ። እውነትም የኢስሐቅ እግሮች ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ውጭ የጎበጡ ናቸው፤ ቁርጭምጭሚቶቹ ገጥመው በጉልበቶቹ መሀል ድመት ታልፋለች። የወሎ ልጅ ነውና ቀልድ ይችላል፤ «የጉጠት ምድጃ» እያለ የሚመጣውም ደንበኛ ብዙ ነው።

ችግሩ ሕመሙ ነው። ጉልበቱ በውስጥ በኩል እየተበላ ሄዶ ሲሰግድ ሱጁድ መውረድ አቃተው። ሱቁ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን እየደፋ መስገድ ከጀመረ ከርሟል። ግንባሩ መሬት ሳይነካ ሲቀር ሶላቱ የጎደለ ይመስለዋል። ይሄን ለማንም አልተናገረም።

ሐኪሟ ሃና ቆሞ የተነሳውን ራጅ ዘርግታ ከዳሌው እስከ ቁርጭምጭሚቱ መስመር አሰመረች። በጉልበቱ መሀል ማለፍ የነበረበት መስመር ወደ ውስጥ ሸሽቷል።

«ከጉልበትዎ በታች አጥንቱን ቆርጠን፣ በልኩ ከፍተን፣ በብረትና በብሎን እናስረዋለን» አለችው።

ኢስሐቅ ደስ አለው። ብሎን ያለበት ነገር አስፈርቶት አያውቅም። «ታዲያ ዶክተር፣ ትንሽ አሳልፈው ያቃኑት። ብረት ሲያቃኑት መመለሱ አይቀርም።»

«አጥንት አይመለስም፣ ጋሼ ኢስሐቅ። ባሰርኩት ቦታ ነው የሚቀረው። እንዳሉኝ ካሳለፍኩት ጉልበቶችዎ ይጋጫሉ።»

ኢስሐቅ ዋናውን ጥያቄ አነሳ። «መሬት ወርጄ እሰግዳለሁ?»

«ቃል አልገባም፤ ተስፋው ግን ጥሩ ነው። ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አልሠራም። መጀመሪያ ግራው፣ እሱ ሲድን ቀኙ።»

ይሄኔ ክው አለ። አንዱ ቀጥ፣ አንዱ ጎበጥ ብሎ ምን አለሽ ተራ ሊገባ? ያውም ወርቁ አጠገቡ ተቀምጦ? «ላስብበት» ብሎ ወጣ።

ሲያስብ ሰነበተ። በመጨረሻ ከሚያሙኝ እኔው ልንገራቸው ብሎ መጀመሪያ አንድ እግሩ ብቻ እንደሚቃና ተራው በሙሉ እንዲሰማ አወጀ። «ስም ያላችሁ አሁኑኑ አውጡ። በኋላ በሳቅ ስፌቴ እንዳይፈታ።»

«ግማሽ ጉጠት» አለ አንዱ። ሌላው «የተሰበረ መቀስ» አለ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ኢስሐቅ የፈራው ግን ወርቁን ነበር፤ ወርቁ ደግሞ ቆርቆሮውን ያገላብጣል።

«አንተስ?»

«እኔ አሁን አላወጣም» አለ ወርቁ ቀና ሳይል። «ከዛች ዱካ ወርደህ ስትሰግድ ሳይህ አወጣልሃለሁ።»

ኢስሐቅ በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄዶ «ከግራው ይጀምሩ» አላት።