ከስልኩ የወጣችው ሞላ

እትዬ ቡሎን የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። የስፌት መኪና ስትጠግን የፈታችውን ቡሎን በከንፈሯ ይዛ ስለምታወራ፣ ንግግሯን ለመረዳት የለመደ ጆሮ ይጠይቃል። ሙያውን የተማረችው ከባሏ ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራለች።

ባሏ አንድ ልማድ ነበረው። የጠገነው መኪና ሆድ ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ይመታል፤ ቆርቆሮው ላይ የድረ ገጻቸው አድራሻ ፊደል በፊደል በመዶሻ ተቀርጿል። "ወረቀት ይቀደዳል፤ ይሄ ግን የትም አይሄድም" ይል ነበር። መኪናዎቹ ተሸጡ፣ ተወረሱ፣ ካገር አገር ዞሩ። ከእጅ እጅ የዞረ መኪና የተበላሸበት ሁሉ ቆርቆሮውን አንብቦ እሷን ያገኛል። እንጀራዋም እሱ ነው።

አንድ ቀን የባሏ ታናሽ እህት፣ አስተማሪዋ፣ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።

"እታለም፣ ድረ ገጻችሁ ጠፍቷል። ስከፍተው ባዶ ነጭ ነው።"

"አጥበሽው ይሆናላ" አለች እትዬ ቡሎን፣ ቡሎኗን እንደያዘች።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ገጹን በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠላቸው ድርጅት ደብዛው ጠፍቷል። ስልኩ አይጠራም። ቢሮው ድረስ ቢሄዱ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል።

"ኢንተርኔቶቹን ነው? ለቀዋል" አላቸው ሻጩ። "ስንት ቁጥር ላምጣ?"

ደግነቱ ስሙን፣ ዶሜይን የሚሉትን፣ የመዘገበው ሌላ ድርጅት ነው። ክፋቱ ደግሞ የምዝገባው ዘመን ዓርብ ያልቃል፤ ካልታደሰ የፈለገ ሰው ስሙን ሊወስደው ይችላል። አስተማሪዋ እንዲታደስ ለመዝጋቢው ጻፈች። "ባለቤት መሆናችሁን ለማረጋገጥ ኢሜይል ልከናል" የሚል መልስ መጣ። የላኩት ግን በዚያው በጠፋው ድረ ገጽ ስም ወደተከፈተ ኢሜይል ነው፤ እሱም አብሮ ሞቷል።

"አየሽው ወንድሜን? ቁልፉን እቤት ውስጥ ቆልፎበት ሄደ።"

 እትዬ ቡሎን መፍቻዋን አስቀመጠች።

"ሌላ መንገድ የለም?"

ነበር። ባልየው ሲያስመዘግብ የሱቁን የጠረጴዛ ስልክ ቁጥር ሰጥቷል። መዝጋቢው በዚያ ስልክ ይደውልና በተቀረጸ ድምፅ ቁጥሮች ያነባል፤ ቁጥሮቹን ማስገባት ነው።

ስልኩን ከክር ካርቶኑ ጀርባ አውጥተው አቧራውን ጠረጉለት። ብዙም ሳይቆይ ጮኸ። እትዬ ቡሎን እጀታውን ብድግ አደረገች።

"ሃሎ!"

ስልኩ መጮኹን ቀጠለ። "ሃሎ! ኧረ ሃሎ!" እጀታው ጆሮዋ ላይ፣ ጩኸቱ ጠረጴዛው ላይ። ከዚያ ጸጥ አለ።

"ወይኔ! ሞላዋ!"

ለካስ ባለፈው ክረምት የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ የጋሼ መኪና ሞላ ተሰብሮ፣ ሌላ ብታጣ ከስልኩ ፈትታ ገጥማላቸው ነበር። እጀታው ሲነሳ የሚያርፍበትን መንጠቆ ወደ ላይ የምትገፋው ሞላዋ ናት፤ ያለሷ ስልኩ የተነሳ አይመስለውም።

"ከስልክ ላይ?" አለች አስተማሪዋ።

"ማን ይደውልበታል ብዬ!"

መዝጋቢው አንድ ሙከራ ብቻ እንደቀረ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በሰነድ ነው፤ ሳምንታት ይፈጃል። እትዬ ቡሎን ወደ ጋሼ ሮጠች። ጋሼ የሙሽራ ሱሪ ይሰፋሉ፤ ሙሽራው ባንድ ጥግ ፎጣ አገልድሞ ይጠብቃል።

"ጋሼ፣ ሞላዬን ፈልጌ ነው።"

"አሁን? ነገ ሠርጉ ነው እኮ! በፎጣ ልዳረው?"

"ቆርቆሮው ላይ ያለው አድራሻ ሊጠፋብኝ ነው፣ ጋሼ።"

ጋሼ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። የራሳቸውም መኪና ሆድ ላይ ያቺ ቆርቆሮ አለች። በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

"ሞላዋን አልሰጥሽም" አሉ ሲነሱ። "ጣቴን ግን አበድርሻለሁ።"

ሙሽራውን በፎጣው ጥለውት መጡ። ስልኩ ሲጮኽ ጋሼ ጣታቸውን ከመንጠቆው ሥር ሰደው፣ መርፌ የሚያነሱ ያህል ቀስ ብለው ገፉት። ጩኸቱ ተቋረጠ። አንዲት ሴት በተቀረጸ ድምፅ ቁጥር መጥራት ጀመረች፤ እትዬ ቡሎን ደገመች።

"ምን አልሽ? ቡሎኑን ትፊው!" አለች አስተማሪዋ።

ቡሎኑ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። "አራት! ዘጠኝ! አራት!"

"ጣቴ ደነዘዘ" አሉ ጋሼ። "ምን ዓይነቷ ወሬኛ ናት?"

"ዝም በሉ ጋሼ! ሁለት! ሰባት! ዜሮ!"

አስተማሪዋ የመጨረሻውን ቁጥር መታች፤ ከዚያ ላፕቶፑን አዙራ አሳየቻቸው። ስሙ ታድሷል፤ የእነሱ ነው።

"ልሂድ፣ ሙሽራው በረደው" አሉና ጋሼ ጣታቸውን እያሹ ወጡ።

አስተማሪዋ በሌላ ድርጅት አዲስ ገጽ አቆመች። ኢሜይሉንም ቀየረች። ስልኩን ግን እትዬ ቡሎን አላስቀየረችም፤ ከሽቦ አዲስ ሞላ ጠምዝዛ ገጠመችለት።

በሳምንቱ ስልኩ ጮኸ። በአንዴ ተነሳ።

"አድራሻውን ቆርቆሮ ላይ አግኝቼ ነው" አለ የማታውቀው ሰው። "ጠጋኙ አሉ?"

ቡሎኑን ከአፏ አወጣች።

"እሱ የለም። እኔ አለሁ" አለች። "እስቲ ስልኩን ወደ መኪናዋ ጠጋ አርገውና መዘውሯን አዙርልኝ።"

ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።