መጋዘን ውስጥ ያወራሁት ፊልም

ወንድሜን ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ሲሬ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ደጃፍ ላይ ነው። ጠዋት ከነቀምቴ በሚኒባስ ሄድን። እሱ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እኔ የካሜራውን ማቆሚያ እግሬ መሀል ይዤ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። የተለየ ቀን አልመሰለንም።

ወንድሜ ፊልም እየሠራ ነበር። ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ ፊልሙን የሚሠራው እሑድ እሑድ ነበር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ፊልሙ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ስለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነው። ዓይናቸው አሁን አያይም ማለት ይቻላል። በእኛ ከተማ ካሜራውን ከስቱዲዮ ይዘው የወጡ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው ይባላል። ከሳቸው በፊት ሰው ፎቶ የሚነሳው ስቱዲዮ ሄዶ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የቤቱን ኮት ለብሶ፣ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሞ ነው። እሳቸው ግን ወጡ። መንገድ ሲሠራ፣ ቡና ሲለቀም፣ ጣሪያ ሲከደን፣ ሰው ሲቀበር አነሱ። ኮት ሳያለብሱ። በወለጋ ከተሞች ያልዞሩበት የለም። ወንድሜ «ይህን አገር ሥራ ላይ እያለ ያዩት እሳቸው ናቸው» ይል ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደንቅ ሰምቼው አላውቅም።

የሲሬዋን አሮጊት «ሀርሜ» ይላቸዋል፣ እናቴ እንደማለት። ወጣት ሳሉ እንጨት ተሸክመው ገበያ ሲወርዱ ፎቶ አንሺው ከኋላቸው አንስተዋቸው ነበር። ፎቶው አማረ። አሳድገው አጥበው ነቀምቴ ስቱዲዮው መስኮት ላይ ሰቀሉት። የሲሬ ሰው በመቀነታቸው አወቃቸውና ነገራቸው። በጭነት መኪና ተሳፍረው መጥተው ስቱዲዮው በር ላይ ቆሙ።

«ስሜን ሳትጠይቅ ጀርባዬን ሰቀልክ» አሏቸው። «ፊት የለኝም?»

ፎቶ አንሺው ፎቶውን ከመስኮት አውርደው ሰጧቸው። ስማቸውን ጠየቁ። ከዚያ ፊታቸውን አነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ሳይጠይቁ ካሜራ አንስተው አያውቁም። ስሙን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ ራሳቸው ያደርሳሉ፣ አንዳንዴም በእግራቸው። ወንድሜም ይህንኑ ያዘ።

«ሀርሜ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አላቸው ያን ቀን፣ ካሜራውን ከማብራቱ በፊት።

«ለስንተኛ ጊዜ ነው የምትጠይቀኝ? ባለፈው የነገርኩህን ምን አደረግከው?»

«ካሜራው አልሰማም።»

«እንግዲያው ጆሮውን አስታጥብልኝ» አሉ። ያኔ ነው የሳቀው።

በፌስታል የተጠቀለሉትን ሁለቱን ፎቶዎች ከሳጥን አውጥተው አሳዩን። ጀርባቸውና ፊታቸው። ቀርጾ ሲጨርስ ወንድሜ «አለቀ» አለኝ። «ከዚህ በኋላ የቀረው መቁረጥና መቀጠል ነው።»

ነቀምቴ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስወረዱን። ካሜራውን ከፈቱት። ውስጡ ለፊልሙ የተቀረጹ የፎቶ አንሺው የድሮ ፎቶዎች ነበሩ፤ ተሰልፎ የቆመ ሕዝብ፣ አካፋ የያዘ ሕዝብ፣ ሬሳ የሚሸኝ ሕዝብ።

«ይህን ሁሉ ሰው ለምን አነሳችሁ?»

«እኛ አይደለንም» አለ ወንድሜ። «የቆየ ነው።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም።»

ያ መልስ ጎዳን መሰለኝ። ማንም ሳያዘው የሚሠራ ሰው ያስጠረጥራል። ቦርሳውን ሲወስዱት «መድኃኒቴ እሱ ውስጥ ነው» አላቸው። አስም ነበረበት። «ይመጣል» አሉት። እሱን በአንድ መኪና፣ እኔን በሌላ ጫኑን።

እኔን ያስገቡኝ መጋዘን ውስጥ ነው። የት እንደሆነ አልጽፍም። ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር፤ ገለባው አሁንም ይሸታል። መስኮት የለውም፤ ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታ ብቻ ብርሃን በቀጭኑ ይወርዳል። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። ማዳበሪያ ላይ ይተኛሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ሆንኩ።

ከሁሉም የቀረቡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጉራጌ ባለሱቅ ነው፣ ነቀምቴ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይቀልድበታል። «አንተ የተማርክ ነህ፣ ግድግዳ ዳር ተኛ» ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው» አልኩት። «እዚህ ከፍተኛው ማዕረግ ነው፣ አትቅለል» አለኝ። ሁለተኛው ረጅም ኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው። ጥቁር ኮት ይለብሳሉ፣ ማዳበሪያ ላይ ተኝተው እንኳ አያወልቁትም። እኔን «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ።

ጠባቂዎቹን ስለ ወንድሜ ጠየቅኩ። ሌላ ክፍል ነው አሉኝ።

ምግብ እኩለ ቀን ላይ ከበር ይመጣል፤ አንድ ተረኛ ወጥቶ የሁላችንን ይቀበላል። እናቴ ምሳ ዕቃውን በነጠላ ቁራጭ ታስራለች፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ። ቋጠሮውን ሳየው ደኅና እንደሆነች አውቃለሁ። በአራተኛው ቀን ተረኛው ባለሱቁ ነበር። የእኔ ምሳ በፌስታል መጣ።

«እናቴስ?»

«ራሷን አሟት ጎረቤት ልካለች። ብላ።»

አመንኩት። እሱ ግን በሩ ላይ ከጎረቤታችን ሌላ ነገር ሰምቶ ነበር የገባው። ወንድሜ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ሆስፒታል ሲደርስ ሞቷል።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጠዋት ነው። ሰውየው በልቶ ካደረ በኋላ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ። ብቻውን እያለ አይነገረውም። መጋዘን ውስጥ ዘመድ የለም። አሥራ አንዱ ተንሾካሽከው ዘመዶቼ ለመሆን ተስማሙ፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። የቀረው እስኪነጋ እኔን መያዝ ነበር።

«ያንን ፊልም ዛሬ ጨርስልን» አለኝ ባለሱቁ። «በየቀኑ እየቆረስክ አስራብከን።»

እውነት ነው፤ እየቆረስኩ እነግራቸው ነበር። ያን ቀን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ክብ ሠርተው ተቀመጡ።

ፊልሙ በእጅ ይጀምራል። የፎቶ አንሺው እጆች የድሮውን ካሜራ ይከፍታሉ፣ ፊልሙን በዳበሳ ያስገባሉ፣ ይዘጋሉ። ዓይናቸው ወደ ሌላ ቦታ ነው። ወንድሜ ይህን ያለ አንድ ቃል ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተወው።

«ሁለት ደቂቃ እጅ ብቻ?» አለ ባለሱቁ። «ሰው አይሰለችም?»

«አይሰለችም። እጁ ሲያስታውስ ታያለህ።»

«እኔ ሃያ ዓመት ጨርቅ ስለካ ማንም ሁለት ደቂቃ አላየኝም። ሜትሩን ነው የሚያዩት፣ እንዳልሰርቃቸው።»

ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ካሜራውን የያዘው ማነው?» አሉኝ።

«ወንድሜ።»

«እጁ አይንቀጠቀጥም?»

«አይንቀጠቀጥም። ሲቀርጽ ትንፋሹን ይይዛል። አስም አለበት፣ ግን ይይዛል። እኔ ነኝ የምፈራለት።»

ሁሉም ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ፊልሙን የወደዱት መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። ሲሬ ደረስኩ። አሮጊቷ ስቱዲዮው በር ላይ ሲቆሙ ሁሉንም በድምፃቸው ተናገርኩ። «ፊት የለኝም?» ስል አንዱ ከጥግ «ጎሽ» አለ። ስለ ወንድሜ ሳላስበው ብዙ አወራሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን ለካሜራው አልብሶ እሱ እንደሚበሰብስ፣ ሰው ሲያለቅስ ካሜራውን ወደ መሬት እንደሚያወርድ። እንዲህ አውርቼ አላውቅም ነበር። እሱ እያለ የሚያወራው እሱ ነው።

ስጨርስ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ፎቶ አንሺ እኔንም አንስቶኛል» አሉ። «መንገድ ስንሠራ፣ ድንጋይ ተሸክሜ። ስምህ ማነው አለኝ። ሰው የሚያስብ አልመሰለኝም ነበር እንዲህ ያለውን። ከወር በኋላ ፎቶውን ይዞ መጣ። ግድግዳዬ ላይ አለ።»

ዘልዬ ተነሳሁ። «ወንድሜ ሲፈታ ቤትዎ እንመጣለን! ይህ ፊልሙ ውስጥ መግባት አለበት።»

«ኑ» አሉ። «ቤቴ ቤታችሁ ነው።» ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

እኔ ከተፈታሁ በኋላ ዕቃው ተመለሰልን። ካሜራው፣ ካርዱ፣ መድኃኒቱም። መድኃኒቱ እንዳለ ነበር።

ፊልሙን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ቢሠራው ይሻል ነበር፤ የቆረጥኩበት ቦታ ሁሉ ያስታውቃል። የባለኮቱን ሽማግሌ ቤት ቀርጬ አስገባሁ። በቅርቡ ጨለለቂ አንድ ግቢ ውስጥ አንሶላ ወጥረን አሳየን። ፎቶ አንሺው ከፊት ተቀምጠው «እኔ አላይም፣ ንገረኝ» አሉኝ። አጠገባቸው ተንበርክኬ መጋዘኑ ውስጥ እንዳወራሁት አወራሁላቸው። ሲያልቅ «ወንድምህ ዓይን ነበረው» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

ያ ጠዋት ግን አይለቀኝም።

ገና ጎህ ሲቀድ ባለሱቁ ቀሰቀሰኝ። የምንጠጣውን የጀሪካን ውሃ እጄ ላይ አፈሰሰልኝ። «ታጠብ» አለኝ፤ አልቀለደም። ሁሉም ተነስተው ቆመዋል። ያኔ ገባኝ። ሽማግሌው ግራ ክንዴን፣ ባለሱቁ ቀኝ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ኢልማ ኮ» አሉ ሽማግሌው። «ወንድምህ አረፈ። ትናንት ነገርከን፤ አወቅነው። እኛም ዛሬ ወንድማችንን ነው የምናለቅሰው። ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ።» እግዚአብሔር ያጽናህ ማለታቸው ነው።

ጮህኩ መሰለኝ። ማንም አፌን አልያዘም። ጠባቂውም አልመጣም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና ለፎቶ ጠሩን። አዲስ የገባነው ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ደረታችን ላይ ይዘን መነሳት ነበረብን። ከእኔ በፊት የወጣው አንገቱን ደፍቶ ፎቶ ተነሳ። የእኔ ተራ ሲደርስ ሽማግሌው ኮታቸውን አወለቁ። ሰፋኝ። ባለሱቁ በማበጠሪያው ራሱ አበጠረኝ።

ውጭ ነጭ ግድግዳ ነበር። ካሜራ የያዘው ልጅ በእኔ ዕድሜ ነው። ፊቴን አይቶ ወደ ጠባቂው ዞረ።

«ቀና በል» አለኝ ጠባቂው። ቀና ብዬ ነበር።

ልጁ ካሜራውን ሲያነሳ «ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ስሜን ጠይቀኝ።»

«ቁጥሩ በቂ ነው» አለ ጠባቂው።

ልጁ ካሜራውን አወረደ። «ስምህ ማነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ስሜን ነገርኩት። የአባቴንም ስም፤ የእኔና የወንድሜ የጋራችን የሆነውን።

«አሁን አንሳ» አልኩት።