ለወላድ የተሠራ ቃሬዛ

ስልኩ ሲጮህ ባፈና ሆሳዕና ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር። የጤና መረጃ ለሕዝብ ክፍት ሊሆን ነው፤ ማንኛውም ሰው የየቀበሌውን ቁጥር በስልኩ አይቶ ለአካባቢው የሚበጅ ሐሳብ ሊያመጣ ይችላል እየተባለ ይነገራል። የደወለው ታናሽ ወንድሙ ምስክር ነው።

«ማራኪን ትንሽ አሟታልና ና» አለው።

ባፈና ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም። በእነሱ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ለትንሽ ሕመም ደግሞ ሰው ከስብሰባ አይጠራም። ደብተሩን አጥፎ ወጣ። ከዶዮገና በላይ ያለውን ዳገት ሲጨርስ እናቱ ደጅ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ አየ።

እህቱ ማራኪ ምጥ ይዟት ነበር። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት አምቡላንሱ ከታች ቆሞ ሲጠብቅ፣ የሚሸከም ሰው እስኪሰበሰብ ዘግይቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደም ፈሷት ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም።

ባፈና በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ነው። ከየጤና ኬላው የሚመጣውን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ያስገባል፣ ይልካል። ከሐዘኑ ሲመለስም ያንኑ ቀጠለ። የሥራ ባልደረባው እህተማርያም ሻይ ታስመጣለታለች፤ ሳይነካው ይቀዘቅዛል።

«ዛሬም ለዝንብ ነው ያስመጣሁት» ትለዋለች።

«ዝንቡም ይጠጣ» ይላል፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

በዓመቱ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ መረጃው ተከፈተ። ባፈና ያየው እየሰለቸው ነው። ራሱ ሲልከው የኖረው ቁጥር ነው፤ ግን ቀበሌዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ያየው ያን ጊዜ ነበር። የእናቱ ቀበሌ ሴቶች ለእርግዝና ክትትል እንደ ሌላው ይመጣሉ። ለመውለድ ግን ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው፤ በክረምትማ ከነጭራሹ የሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንመጣም ያሉ አይደሉም። የሚያወርዳቸው ነው የጠፋው።

ትከሻ ደግሞ ሞልቷል። የእድር ጥሩንባ ሲነፋ ለቀብር የማይወጣ ወንድ የለም፤ የቀረ ይቀጣል። ለታመመ ሰው ግን ደንቡ ምንም አይልም። ጎረቤት ከተገኘ ይሸከማል፤ ገበያ ከሄደ የለም። ባፈና እድሩ ለወላድም የተሸካሚ ተራ እንዲያወጣ ሊጠይቅ ወሰነ። ጊዜም አልነበረውም፤ የምስክር ሚስት ጣቢታ የምትወልደው በዚሁ ክረምት ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር የወፍጮ ቤት ባለቤቱ ጋሼ ዳኘ ናቸው። እሁድ ከሰዓት ኮሚቴው ሲሰበሰብ ነገራቸው።

«እድር የሞተ ነው የሚያነሣው» አሉት።

«ሳይሞት ብናነሣው ድንኳን መትከሉ ይቀርልናል፣ ጋሼ።»

«አንተ ምን አለብህ፣ ኮምፒውተር አይከብድ» አለ ዋለ የሚባል ገበሬ። ሰዎቹ ሳቁ። «እስቲ ስለ እኛ ምን እንደሚል አሳየኝ።»

ባፈና ስልኩን አቀበለው። ዋለ በጣቱ እየገፋ አነበበና ድምፁ ዝቅ አለ።

«አምና ከዚህ ቀበሌ በወሊድ የሞተች እናት የለችም ይላል።»

ባፈና ያውቀዋል። ማራኪ ጤና ኬላም ጤና ጣቢያም ውስጥ አልሞተችም፤ መንገድ ላይ ለሞተች ሪፖርት የላከ የለም። ሪፖርት ያልመጣለትን ደግሞ እሱ ማስገባት አይችልም።

ጋሼ ዳኘ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እነሱ ባይቆጥሯት እኛ ቀብረናታል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። ቃሬዛውም ትከሻውም አለ፣ ተራውን ጠቅላላ ጉባኤው ያውጣ ተብሎ ተለያዩ። ባፈና ትንሽ ቀለል ብሎት ወደ ምስክር ቤት ወረደ። ጣቢታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ነገራት።

«በየትኛው ቃሬዛ?» አለች።

«በእድሩ።»

«ማራኪን ባወጣችሁበት?»

ጣቢታ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ጋሼ ባፈና፣ እኔ በሬሳ ቃሬዛ ላይ ነፍሴ እያለች አልተኛም። እዚህ ያለች ሴት ማንኛዋም አትተኛም፤ ቤቷ ብትሞት ትመርጣለች። ቀብር መለማመጃ ልታደርጉን ነው?»

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ይህን የሚነግረው ቁጥር አልነበረም፤ ቢጠይቅ ኖሮ ግን መጀመሪያ የጠየቃት ሴት ትነግረው ነበር።

ስለዚህ ሌላ ተሠራ። ዋለ ከጓሮው ቀርከሃ ቆረጠ። እህተማርያም ከሆሳዕና ጠንካራ ሸራ አስመጣች። ቃሬዛው ሲያልቅ ጣቢታ ቀስ ብላ ተጋደመችበት፤ እግሯ ወደ ውጭ ወጣ።

«አጠረ» አለች።

«እግርሽ ቀድሞ ጤና ጣቢያ ይደርሳላ» አለ ዋለ። ግን ፈትቶ አስረዘመው።

ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ጊዜ ተጠራ። ሁለቱንም ጊዜ ጥሩንባ ተነፋና ሰው ሁሉ ወደ ቀብር ሄደ። ባፈናም አብሮ ቆፈረ፣ አብሮ ተሸከመ፣ ማታ ጭቃውን ከጫማው ፍቆ ተኛ። ለሦስተኛ ጊዜ መቼ እንደሚጠራ ሲጠይቃቸው ጋሼ ዳኘ «ሰዉ ይረፍ እስቲ» አሉት። እሱም ደክሞት ነበርና አልተከራከረም።

ዝናቡ ገብቷል። መንገዱ ዘንድሮም ተቆርጧል። ጣቢታ ወሯ ገብቷል። የተሸካሚዎቹ ተራ ገና አልወጣም።